የዩሪያ ጉዞ በኩላሊት ሕሙማን ሰውነት ውስጥ

ዩሪያ ሲባል አብዛኞቻችን የምናስበው አርሶ አደሩ በማሳው የሚበትነውን ነጭ ማዳበሪያ ነው። ያው ንጥረ ነገር በሰውነታችንም ውስጥ በየዕለቱ ይገኛል። ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከሥጋ ወይም ከራሳችን ጡንቻ የሚገኘው ፕሮቲን ሲፈርስ አሞኒያ የተባለ መርዛማ ነገር ይወጣል። ጉበት ይህን ወደ ዩሪያ ይለውጠዋል፤ ደም ተሸክሞ ወደ ኩላሊት ያደርሰዋል፤ ኩላሊትም በሽንት ያስወግደዋል።

ኩላሊት ሲደክም መውጫው ይዘጋል፤ ጉበት ግን ሥራውን አያቋርጥም። ዩሪያው የሚከማቸውም በደም ብቻ አይደለም። እጅግ ረቂቅ በመሆኑ ውኃ ባለበት የአካል ክፍል ሁሉ ይሰራጫል፤ ከሰውነታችን ውኃ ደግሞ ሁለት ሦስተኛው ያህል የሚገኘው በሕዋሳት ውስጥ ነው። ወደ ምራቅ የገባውን በአፍ ያሉ ባክቴሪያዎች መልሰው አሞኒያ ያደርጉታል። የአንዳንድ ሕሙማን ትንፋሽ የሽንት ሽታ የሚኖረው ከዚህ የተነሣ ስለ ሆነ፣ ጠያቂዎች ፊታቸውን ባያዞሩባቸው መልካም ነው።

«የኩላሊት እጥበት» የሚለው ስያሜ ያሳስታል። የሚታጠበው ደሙ ነው እንጂ ኩላሊቱ አይደለም። ደሙ በማሽኑ ውስጥ ሲያልፍ ዩሪያው በስስ ሽፋን በኩል ወደ ማጠቢያው ፈሳሽ ይሻገራል። አንዱ እጥበት ብዙውን ጊዜ 4 ሰዓት ያህል ይወስዳል። ሆኖም ደሙ ቶሎ ሲጠራ በጡንቻ ሕዋሳት ያለው ዩሪያ ወደ ኋላ ይቀራል። ማሽኑ ከቆመ በኋላ በ30 እስከ 60 ደቂቃ ውስጥ ይህ የቀረው ወደ ደም ይፈስሳል፤ ጉበትም አዲስ መጨመሩን ይቀጥላል። ሐኪሞች በሳምንት 3 ጊዜ ማለታቸው ስለዚህ ነው። ዩሪያ ብቻውንም አይከማችም፤ ከእርሱ ጋር የሚበዛው ፖታሲየም ልብን በድንገት ሊያቆም ይችላል። ስለዚህ ለበዓል አንድ ጊዜ ብዙ ሰብስቦ ከሚበተን ኮሚቴ ይልቅ፣ በየሳምንቱ የአንዲቱን ቀን እጥበትና የመጓጓዣውን ወጪ ሳያቋርጥ የሚሸፍን ኮሚቴ ሕይወት ያቆያል።

ካህናትን በቀጥታ የሚመለከት ነገር አለ። «ዩሪያ ከምግብ የሚመጣ ከሆነ፣ እህል ብተው ይቀንስልኛል» ብለው የሚያስቡ ሕሙማን አሉ። አሳባቸው ምክንያታዊ ይመስላል፤ ነገር ግን ሰውነት በቂ ምግብ ሲያጣ የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል፤ ከዚያም ዩሪያ ይወጣል። እጥበት ላይ ያለ ሰው እንዲያውም ከጤነኛው የበለጠ ፕሮቲን ያስፈልገዋል። ቤተ ክርስቲያናችን ሕሙማንን ከጾም ግዴታ ነጻ ስለምታደርግ፣ ይህን ከንስሐ አባታቸው አንደበት ቢሰሙት ከሐኪሙ ቃል ይልቅ ያረጋጋቸዋል።

ጠበልም እንደዚሁ ነው። ሽንቱ የቆመ ሰው በብዛት የጠጣው ውኃ መውጫ አጥቶ በሳንባው ሊሞላ ይችላል። መረጨቱ ወይም በጥቂቱ መቅመሱ በረከቱን አያጎድልበትም። አጥማቂ አባቶች ከማጠጣታቸው በፊት፣ ሐኪሙ በቀን ምን ያህል ፈሳሽ እንደ ፈቀደለት ቢጠይቁት ይበቃል።