ጫካ ሊሄዱ ነው? በጓደኛዎ እርምጃ ሳይሆን በራስዎ ትንፋሽ ይራመዱ



አንድ ዕድሜያቸው 50 የደረሰ፣ ደም ግፊት ያለባቸው ታካሚ አሉኝ። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር መናገሻ ሱባ ጫካ ሄዱ። ዳገቱ ላይ ወደኋላ ሲቀሩ "ምነው፣ አረጀህ እንዴ?" አሏቸው። እልህ ያዛቸውና ፈጠን አሉ። ወዲያው ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው። "ጋዝ ነው" ብለው ዝም አሉ፤ ፏፏቴው ጋ ፎቶ ተነስተው ተመለሱ። እኛ ጋ የመጡት በ3ኛው ቀን ነው። ጋዝ አልነበረም፣ ልባቸው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ተርፈዋል።

ታዲያ ጫካ አትሂዱ ልላችሁ ነው? በፍጹም!

መናገሻ ሱባ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ያለ ጥንታዊ ደን ነው። ጥዱ፣ ዝግባው፣ ጉሬዛው፣ የውሃው ድምፅ... አእምሮን ያሳርፋል። የዓለም ጤና ድርጅትም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። ችግሩ ወሩን ሙሉ ወንበር ላይ ከርመን የወሩን ስፖርት በአንድ ቀን ልንጨርስ ስንነሳ ነው። በዚያ ላይ የተራራው ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ አየሩ አዲስ አበባ ከለመድነው ይሳሳል።

ልኩን በምን ያውቃሉ? እየተራመዱ ማውራት ከቻሉ፣ መዝፈን ግን ካቃተዎት ልክ ነዎት። ሁለት ቃል ለመናገር ትንፋሽ ካጠረዎት ቆም ይበሉ።

እነዚህንም ልብ ይበሉ፦

✔ ደረትዎን ከጨመደደዎት፣ ሕመሙ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ ከሄደ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላበዎት ወዲያው ቁጭ ይበሉ፤ አብሮዎት ላለ ሰው ይናገሩ። አርፈው ቢሻልዎትም በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።

✔ የግፊት መድኃኒትዎን "ዛሬ ሽርሽር ነው" ብለው አይዝለሉ።

✔ ለስኳር ኢንሱሊን ወይም ክኒን የሚወስዱ ከሆነ ቁርስ ሳይበሉ አይውጡ። ረጅም መንገድ ስኳርን ሊያወርድ ስለሚችል ኪስዎ ውስጥ ከረሜላ ይኑር።

✔ የፏፏቴ ውሃ ጥርት ብሎ ቢታይም አይጠጡት፤ የታይፎይድና የጃርዲያ ተሕዋስያን በዓይን አይታዩም።

✔ ፏፏቴው ዳር ያለው እርጥብ ድንጋይ ያንሸራትታል። ለሰልፊ ብለው ጠርዝ ላይ አይቁሙ።

✔ ጉልበትዎን የሚያምዎት ከሆነ ከዘራ ይያዙ፤ ከዳገቱ ይልቅ ቁልቁለቱ ይከብዳል።

የልብ ሕመም፣ ግፊት ወይም ስኳር ካለብዎት ከጉዞው በፊት ሐኪምዎን ያማክሩ። ከዛሬ ጀምሮም በሰፈርዎ በየቀኑ 20 ደቂቃ ይራመዱ፤ ዳገቱ ያኔ አይከብድዎትም።

እኚያ ታካሚዬ አሁን መድኃኒታቸውን ሳያቋርጡ፣ እኛ በፈቀድንላቸው ልክ በየማለዳው ይራመዳሉ። "አሁን ወደኋላ ብቀር አላፍርም፤ ይጠብቁኛል" ይላሉ።

እርስዎም ወደኋላ የቀረውን ይጠብቁት። አብሯችሁ ለሚጓዝ ሰው ሼር አድርጉለት። መልካም የእረፍት ቀን!