የማኅበሩ ኮምፒዩተር በድንገት ሲጠፋ፤ የፕሮሰሰር መጋልንና የቮልቴጅ መዋዠቅን ለይቶ ስለ ማወቅ

ብዙ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራትና ዩኒየኖች የማዳበሪያ ሥርጭትን፣ የእህል ግዢንና የአባላትን የትርፍ ክፍፍል በኮምፒዩተር መዝግበው ይይዛሉ። ግዢ በተፋፋመበት ቀን መሣሪያው በድንገት ቢጠፋ ያልተቀመጠው መዝገብ አብሮት ይጠፋል፤ ገበሬው ያስረከበው ስንት ኩንታል ነው በሚል በማኅበሩና በአባሉ መካከል ጭቅጭቅ ይነሣል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የልማት ሠራተኞችና የማኅበራት ሒሳብ ሠራተኞች የብልሽቱን መነሻ ለይተው እንዲያውቁ፣ በእጃቸው ሊሠራ የሚቻለውን እንዲሠሩ፣ የማይቻለውን ደግሞ እንዳይነኩ ለመርዳት ነው።

ኮምፒዩተር በሥራ ላይ እያለ የሚጠፋው በአብዛኛው ከሁለት ነገሮች በአንዱ ነው፤ ይኸውም ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲግል ወይም የሚደርሰው ኃይል ሲዋዥቅ ነው። ሁለቱ ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። በዚህም የተነሣ ጥፋቱ የአቧራ ሆኖ ሳለ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ፣ ጥፋቱ የመስመሩ ሆኖ ሳለ ኮምፒዩተሩ በሙሉ ሲለወጥ ይታያል።

ለመለየት ከሁሉ የሚጠቅመው የጠፋበት ሰዓት ነው። ከተከፈተ ከ10 ወይም ከ20 ደቂቃ በኋላ ማራገቢያው ጮኾና ሥራው ተጓቶ ከጠፋ፣ ወዲያው ሲያበሩትም ከቀድሞው ባጠረ ጊዜ ዳግመኛ ከጠፋ፣ ሙቀት ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። አምፑሉ ሲደበዝዝ፣ የጎረቤት ወፍጮ ሲነሣ ወይም የተቋረጠው መብራት ተመልሶ ሲመጣ የሚጠፋ ከሆነ ግን ኃይሉ ነው። የጠፋበትን ሰዓትና በዚያን ጊዜ የነበረውን ሁኔታ ለአንድ ሳምንት ያህል በደብተር መጻፍ ብዙ ወጪ ያድናል።

ስለ ሙቀት

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱን በላዩ የተቀመጠው ባለ ስስ ክንፍ ብረት ይቀበላል፤ ማራገቢያው ደግሞ አየር እየነፋ ያስወጣዋል። ብዙዎቹ የዛሬ ፕሮሰሰሮች 95 ወይም 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርሱ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ሙቀቱ በዚያ ካልቆመ መሣሪያው ይጠፋል። መጠኑን ለማየት ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ 2 የሚለው ቁልፍ ይጫንና ባዮስ ይከፈታል። ምንም ሥራ ሳይሠራ እዚያ 70 ዲግሪ ያለፈ ቁጥር ከታየ ማቀዝቀዣው በደንብ አይሠራም ማለት ነው።

ቦታውም ልዩነት ያመጣል። ሁመራና መተማን በመሰሉ ቆላ ቦታዎች በመጋቢትና በሚያዝያ የቀኑ ሙቀት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሲሆን 65 ላይ የሚውል ፕሮሰሰር በዚያ ሙቀት ወደ 85 ይጠጋል። በደጋም ቢሆን 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለሆነ ሙቀት የመውሰድ አቅሙ ያንሳል።

ሆኖም ዋናው ጠላት አቧራ ነው። የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብዙውን ጊዜ ከእህል መጋዘኑ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የጤፍ ብናኝና ገለባ ክንፎቹን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናቸዋል። ኮምፒዩተሩን ከአቧራ ለመጠበቅ ተብሎ ዳንቴል የማልበስ ልማድም አለ። ማታ ሲዘጋ መልካም ነው፤ እየሠራ መልበሱ ግን የአየር መውጫውን መድፈን ነው።

ለማጽዳት ኮምፒዩተሩ ይጠፋል፣ ገመዱም ከሶኬት ይነቀላል። ጎኑ ተከፍቶ ማራገቢያው እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ አቧራው በለስላሳ ደረቅ ብሩሽና በአየር መንፊያ ይጠረጋል። እርጥብ ጨርቅ አያስፈልግም። ከጽዳቱ በኋላም ሙቀቱ ካልቀነሰ በፕሮሰሰሩና በብረቱ መካከል ያለው ቴርማል ፔስት የሚባለው ቅባት ደርቆ ሊሆን ይችላል። አሮጌው በአልኮል ተጠርጎ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ቅባት መሐሉ ላይ ትደረጋለች። ቫዝሊን በምንም መንገድ ምትክ አይሆንም።

ስለ ኃይል

የአገራችን መስመር 220 ቮልት ነው። የወፍጮ ሞተር ሲነሣ ግን ከመደበኛው አምስትና ስድስት እጥፍ የሚሆን ከረንት ስለሚስብ በዚያው መስመር ላይ ያለው ሁሉ ቮልቴጁ ይወርድበታል። መልቲሜትር ያለው ሰው ወፍጮው ሲሠራና ሲቆም ሶኬቱን ለክቶ ቁጥሩን ይጻፍ። ንባቡ ብዙ ጊዜ ከ200 በታች ወይም ከ240 በላይ ከሆነ ስታቢላይዘር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ሁለቱ ጥፋቶች እንደሚገናኙ ልብ ይሏል። ቮልቴጁ ባነሰ ቁጥር ፓወር ሰፕላዩ ያንኑ ኃይል ለመስጠት ብዙ ከረንት ይስባል፤ በ220 ቮልት 1 አምፔር የሚበቃው በ160 ቮልት ወደ 1.4 አምፔር ይፈልጋል። ስለዚህ ራሱ ፓወር ሰፕላዩ ይግላል። በጀርባው ቀይ መቀየሪያ ያለው ከሆነ 230 በሚለው ላይ መሆኑ ይረጋገጥ፤ 115 ላይ ሆኖ ቢሰካ ወዲያውኑ ሊቃጠል ይችላል።

የሶኬቱ ቮልቴጅ ደህና ሆኖ ብልሽቱ ከቀጠለ ከፓወር ሰፕላዩ የሚወጣው ይታያል። ባዮስ ላይ 12 ቮልት የሚለው ከ11.4 እስከ 12.6፣ 5 ቮልት የሚለው ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት። የባዮስ ንባብ አንዳንዴ ስለሚሳሳት በመልቲሜትር ቢረጋገጥ ይሻላል፤ በተለመደው ፓወር ሰፕላይ ቢጫው ሽቦ 12፣ ቀዩ 5፣ ጥቁሩ መመለሻው ነው። ከወሰኑ ከወጣ ፓወር ሰፕላዩ ይለወጥ። ሳጥኑን መክፈት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ሰው የሚጎዳ ኃይል ይዘው ይቆያሉ።

ስታቢላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አይረዳም። መዝገቡን አስቀምጦ ለመዝጋት የሚያስችለው ዩፒኤስ ነው፤ አቅሙ ውስን ማኅበር አስቀድሞ ይህን ቢገዛ እንመርጣለን። ሌዘር ፕሪንተር በዩፒኤሱ ላይ አይሰካ፤ ከአቅሙ በላይ ይጭንበታል። መብራት ተመልሶ ሲመጣም እስኪረጋ 10 ደቂቃ ያህል ይጠበቅ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ ኮምፒዩተሩ መዝገቡ በፍላሽ ተገልብጦ ወደ ባለሙያ ይላክ፤ ሰዓቱና የቮልቴጅ ንባቡ የተጻፈበት ደብተርም አብሮ ይሂድ።