ተጨማሪ መረጃ፦ የአንዲት መበለት ዘርና ሀብት በመዛግብት ሲፈለግ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባሏ የሞተባት ሴት ዘሯና ሀብቷ ወዴት እንደ ደረሰ ለመመርመር ለሚሻ ሰው፣ የእቴጌ ጥሩወርቅ ታሪክ መልካም አብነት ይሆነዋል። የደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ልጅ የሆኑት እቴጌ፣ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወድቆ ባለቤታቸው ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በገደሉ ጊዜ መበለት ሆነው፣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ሲጓዙ በግንቦት ወር ዐርፈው በጨለቆት ሥላሴ ተቀበሩ። ልጃቸው ልዑል ዓለማየሁም ወደ እንግሊዝ አገር ተወስዶ፣ በኅዳር 1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞቶ በዊንዘር ተቀበረ።

የእቴጌይቱ እንደ ነበረ የሚነገርለት ጥልፍ ቀሚስ ዛሬ በለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ይገኛል፤ በዚያም ባለቤቲቱ «ወይዘሮ ጥሩነሽ» ተብለው ስለ ተመዘገቡ፣ መርማሪው አንዲቱን ሴት በሁለት ስም መፈለግ ግድ ይሆንበታል። በጎንደር አድባራት ደግሞ የርስት ሽያጭ፣ ስጦታና ኑዛዜ ከነምስክሮቹ ስም በብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ ይጻፍ ስለ ነበር፣ የብዙ ወይዛዝርት ርስት በዚሁ ይታወቃል።

በዛሬው ደቡብ ኦሞ ግን የዳግማዊ ምኒልክ ጦር በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ እስኪደርስ ድረስ የመንግሥት መዝገብ ስላልነበረ፣ መዝገቡ የሽማግሌዎች ቃል ነው። በዚያው በሚኖረው የሐመር ሕዝብ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት በሟቹ ወንድም ጥበቃ ሥር ስለምትሆን፣ የሟቹን ከብት ባለቤትነት የሚያጠና የጂንካ ተማሪ አስቀድሞ የወንድማማቾቹን የትውልድ ሐረግ ከየወገኑ ሽማግሌዎች ጠይቆ ይጻፍ፤ ቃላቸውንም እርስ በርሱ ያመሳክር።