ጠፍቷል የተባለ መስመር

በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ አትላንቲክ ነፋሱን በሚለቅበት አቅጣጫ የተቀመጠችው የኤግ ደሴት ቀንና ሌሊት የማይቋረጥ መብራት ያገኘችው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2008 ነው። መቶ ገደማ የሚሆኑት ነዋሪዎቿ ከዚያ በፊት በአመዛኙ በየቤታቸው ዲዝል ጄኔሬተር እያስነሱ ይኖሩ ነበር። መሬቱ ከባለርስት እጅ ወጥቶ ወደ ማኅበረሰቡ የዞረው በ1997 ሲሆን፣ የመብራቱ ድርጅትም የነዋሪው ነው። ኃይሉ ከወንዝ፣ ከነፋስና ከፀሐይ ይመጣል፤ ሲያጥር መጠባበቂያው ዲዝል ይነሳል።

የመስመር ባለሙያ ግን ስለዚህች ደሴት ሲያስብ ቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በመሬት ውስጥ በተቀበረው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ኬብል ላይ ነው። ሽቦ በምሰሶ መዘርጋት በአብዛኛው ይረክሳል። በባሕር መሐል ግን ነፋሱ ብቻውን አይመጣም፣ ጨው ይዞ ይመጣል። ጨው በኢንሱሌተር ላይ ደርቆ ሲቀመጥ ጉዳቱ አይታይም። ካፊያ ወይም ጉም ሲያርሰው ግን ኮረንቲ ማሳለፍ ይጀምራል፤ ብልጭታው ይከተላል፣ አንዳንዴም የእንጨቱ ምሰሶ ጫፍ ይቃጠላል። ዶፍ ቢወርድ ጨውን አጥቦ ይወስደው ነበር፤ ክፉው ካፊያው ነው።

መቅበርም የራሱ ጣጣ አለው። የተጎዳ ኬብል ከሩቅ አይታይም፤ ብልሽቱን ማግኘት መሣሪያና ትዕግሥት ይጠይቃል። አጥር የሚተክል ወይም ቦይ የሚቆፍር ሰው ደግሞ ኬብሉ የት እንዳለፈ ሳይጠይቅ ዶማውን ካሳረፈ አደጋው እጁ ላይ ነው። በትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ የኬብሉ ካርታ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ብቻ የመቅረት ዝንባሌ አለው። ያ ሰው ሲታመም ወይም ደሴቱን ለቆ ሲሄድ ካርታውም አብሮ ይሄዳል።

ኤግ ላይ ሌላም ጥበብ አለ። አንድ መኖሪያ ቤት በአንድ ጊዜ ከ5 ኪሎ ዋት በላይ፣ የንግድ ቤት ደግሞ ከ10 በላይ መሳብ አይችልም፤ ካለፈ መብራቱ ይቋረጣል። ደንቡ የወጣው ውሱኑን ኃይል በእኩል ለማዳረስ ቢሆንም መስመሩንም ከመጠን በላይ ከመጫንና ከመጋል ይጠብቀዋል። ጥገናውን የሚሠሩት የሠለጠኑ የደሴቱ ሰዎች ናቸው።

ይህ ሁሉ ተሟልቶም ባለሙያ የሚፈራው ጊዜ ይቀራል፤ ማዕበሉ አልፎ መብራት የጠፋበት ሰዓት። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ምግብ እየተበላሸ፣ ሰው እየበረደው፣ የባለሙያው ስልክ መጮኽ ይጀምራል። ደዋዩ ደግሞ ጎረቤት ወይም ዘመድ ነው። አንዱ ቤት ውስጥ አሮጌው ጄኔሬተር ይነሳና በሁለት በኩል ሶኬት ባለው ገመድ ከቤቱ መስመር ጋር ይገናኛል። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ትራንስፎርመር በሁለቱም አቅጣጫ የሚሠራ መሆኑን ነው። በኢትዮጵያ ከተሞች የተለመደው 15,000 ቮልቱን ወደ 380 እና 220 ያወርዳል፤ ከቤት በኩል 220 ከገባበት ግን ወደ ላይኛው ሽቦ 15,000 ይመልሳል። መስመሩ ቅርብ ቦታ ላይ ተበጥሶ ሌላ ጭነት ከሌለበት፣ አንድ ትንሽ ጄኔሬተር ለዚህ ይበቃዋል። ሽቦው በምሰሶ በተዘረጋበት ቦታ፣ ምሰሶው ላይ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ጠፍቷል ተብሎ የወጣ ነው። ለዚህ ነው ቤቱን በአንድ ጊዜ ከመስመሩ ወይም ከጄኔሬተሩ ጋር ብቻ የሚያገናኘው ቼንጅ ኦቨር ስዊች የቅንጦት ዕቃ ያልሆነው፤ አዲስ አበባም ላይ ቢሆን ጄኔሬተር ያለው ቤት ሁሉ ሊያስገባው ይገባል።

የሙያው ሥርዓት የተሠራው ይህንን እያሰበ ነው። መስመሩ ይቆረጣል፣ ማንም እንዳይመልሰው ይቆለፋል፣ ኃይል እንደሌለው በመሣሪያ ይፈተሻል፣ ከዚያ ከመሬት ጋር ይታሰራል። እጅ የሚነካው ከዚህ በኋላ ነው። በችኮላ ቀድማ የምትዘለለው የመጨረሻዋ ናት፤ ከየትም ቤት ድንገት የሚመጣን ኮረንቲ ወደ መሬት የምታወርደውም እሷው ናት።

የተበጠሰ መስመር ላይ ኃይል መመለስ ምን እንደሚያስከትል የሃዋይዋ ማዊ ደሴት አሳይታለች። ኦገስት 8 ቀን 2023 ጠዋት ብርቱ ነፋስ ሽቦዎችን በጠሰ። ወደተበጠሰው መስመር ኃይል ሲመለስ ላሃይና ከተማ ዳር ያለው ደረቅ ሣር ተያያዘ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች አጠፉት፣ ለሰዓታትም ቦታውን ጠበቁት። ከሰዓት በኋላ ግን የተዳፈነው ፍም ዳግም ነደደና ከተማዋን በላት፤ 102 ሰዎች ሞቱ። በ2024 ይፋ የሆነው የምርመራ ውጤት መነሻው ይኸው መሆኑን አረጋግጧል። ከነፋስ በኋላ መስመሩ በዓይን ሳይታይ ማብሪያውን መመለስ ምንም ምክንያት ሊቀርብለት የማይገባ ድርጊት ነው፤ ነዋሪው በጨለማ ጥቂት ሰዓት ቢጨምር ይሻለዋል።

መሬት ላይ የወደቀ ሽቦ ብልጭ ላይል፣ ድምፅም ላያሰማ ይችላል። ድንጋያማ ወይም ደረቅ አሸዋማ መሬት ኮረንቲን በደንብ ስለማያሳልፍ ብሬከሩ ጥፋቱን ሳያውቀው ይቀራል፤ ሽቦው በሕይወት ይቆያል። በዙሪያው ያለው ቮልቴጅ ድንጋይ እንደተወረወረበት ኩሬ እየሰፋና እየደከመ ይሄዳል፤ ሁለት እግር ተራርቆ ሲቆም በመካከሉ ያለው ልዩነት በሰውነት ውስጥ ኮረንቲ ያሳልፋል። ስለዚህ ቢያንስ 10 ሜትር መራቅ፣ ቅርብ የሆነ ሰው ደግሞ እግሮቹን ሳያነሳ እያነካካ በትንንሹ መሳብ አለበት። መኪና ላይ ከወደቀ፣ እሳት ካልተነሳ በቀር፣ ውስጡ መቆየት ነው።

ኮረንቲ የያዘውን ሰው ኃይሉ ሳይቆረጥ መንካት ሁለተኛ ሰው መጨመር ነው። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ ልቡ ምቱን ያጣ ሰው ደረቱ ሳይጫንና ዲፊብሪሌተር ሳያገኝ የሚያልፈው እያንዳንዱ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉን ከ7 እስከ 10 በመቶ ይቀንሰዋል። ኤግ ላይ ሆስፒታል የለም፤ በዋናው የስኮትላንድ ምድር ካለው የማሌግ ወደብ የሚነሳው ጀልባ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል፣ ባሕሩ ሲናወጥም ይቀራል። እንዲህ ባለ ቦታ ደረት መጫን ማወቅ ያለባቸው ባለሱቁ፣ አስተማሪዋና የጀልባው ሠራተኛ ናቸው። ዲፊብሪሌተሩም ሌሊት በማይቆለፍ፣ ልጅ ሳይቀር በሚያውቀው ቦታ መቀመጥ አለበት፤ አንድ ተጨማሪ ደግሞ የጥገና ቡድኑ በሚወጣበት መኪና ውስጥ ሊኖር ይገባል።