ሳይቃጠል በቅጠል
በቀይ ባሕር ላይ ስለ ተንሳፈፈው ዘይትና ስለ ከፋዩ

ውድ አንባቢ፤ በቢሮዎ ጠረጴዛ ላይ ሁለት የክፍያ ማዘዣዎች ቀርበውልዎታል እንበል። አንደኛው 140 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይጠይቃል፤ ሁለተኛው 20 ቢሊዮን ዶላር። የመጀመሪያውን ዛሬ ከፈረሙ ሁለተኛው ከቶ አይመጣብዎትም። የትኛውን ይፈርማሉ? መልሱን ሕፃን ልጅ እንኳ አይስተውም። ዳሩ ግን ይህ ጥያቄ በእውነት ለዓለም መንግሥታት በቀረበ ጊዜ ፈራሚ እስኪገኝ ድረስ ዓመታት አለፉ። ነገሩም የሆነው በሩቅ አገር አይደለም፤ በጎረቤታችን በቀይ ባሕር ላይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ሳፈር የምትባለው መርከብ በ1976 በጃፓን አገር የተሠራች ነዳጅ ጫኝ ነበረች። ርዝመቷ ከ360 ሜትር ይበልጣል፤ ሦስት የእግር ኳስ ሜዳዎች በተርታ ቢቀመጡ አይደርሱባትም። ከጊዜ በኋላ ወደ ተንሳፋፊ መጋዘንነት ተለውጣ በየመን፣ ከሆዴይዳ ወደብ በስተሰሜን፣ ራስ ኢሳ ከሚባለው ጠረፍ ትይዩ ቆመች። ከማሪብ ጉድጓዶች በቧንቧ የሚመጣላትን ድፍድፍ ነዳጅ እየተቀበለች ለሌሎች መርከቦች ታስረክብ ነበር። በ2015 የየመን ጦርነት ሲፋፋም ጥገናው ከሞላ ጐደል ቆመ። በሆዷ ግን 1.14 ሚሊዮን በርሜል ዘይት ቀረ።

እንግዲህ ያስቡት። የመርከቧ አካል የቀድሞ አሠራር ስለ ሆነ በዘይቱና በባሕሩ መካከል ያለው አንድ የብረት ግድግዳ ብቻ ነው። ያንን ብረት የጨው ውኃ ዕለት ዕለት ይበላዋል። ደግሞም የዘይቱ ተን እሳት እንዳይዝ በጋኖቹ ውስጥ ይነፋ የነበረው የማይነድ ጋዝ ተቋርጧል። በ2020 የባሕር ውኃ ወደ ሞተሩ ክፍል ሰብሮ ገባ፤ ጠላቂዎች ብዙ ደክመው ደፈኑት። መርከቧ ብትሰነጠቅ ወይም ብትፈነዳ የሚፈሰው ዘይት በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው መርከብ በአላስካ ካፈሰሰችው አራት እጥፍ ይሆን ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ለጽዳቱ ብቻ 20 ቢሊዮን ዶላር እንደሚያስፈልግ፣ የዓሣውም ሀብት እስኪያገግም 25 ዓመት እንደሚፈጅ ገመተ። ለየመን ሕዝብ እህል የሚገባበት የሆዴይዳ ወደብም በተዘጋ ነበር።

«ይህ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ቢኖር ካርታውን ይመልከት። ቀይ ባሕር በስተደቡብ የሚጨርሰው በባብ ኤል መንደብ ነው፤ ትርጓሜው «የእንባ በር» ማለት ሲሆን ስፋቱ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የኢትዮጵያ የወጪና የገቢ ንግድ አብዛኛው የሚያልፍባት ጅቡቲ በዚያው በር ደጃፍ ላይ ትገኛለች። በሩ ሲታወክ የመርከቡ ኪራይና የኢንሹራንሱ ዋጋ ይወጣል፤ ያም ጭማሪ በመጨረሻ የሚያርፈው በገበያተኛው ኪስ ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ዘይት በባሕር ላይ ሲፈስ የሚከፍለው ማን ነው?

ይህ ጥያቄ ዓለምን በብርቱ ያስጨነቀው በማርች 18 ቀን 1967 ነው። ቶሪ ካንየን የተባለች መርከብ ወደ 119,000 ቶን የሚጠጋ ድፍድፍ ነዳጅ ጭና ስትጓዝ በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ ጠረፍ ከድንጋይ ጋር ተላተመች። የእንግሊዝ መንግሥት ዘይቱን ለማቃጠል መርከቧን በአውሮፕላን ቦምብ እስከ መደብደብ ደረሰ። ዘይቱ ግን የእንግሊዝንም የፈረንሳይንም ዳርቻ አጠቈረ። ካሣ ለመጠየቅ በተነሡ ጊዜ ባለቤቷ በቤርሙዳ የተመዘገበ ኩባንያ፣ ሰንደቅ ዓላማዋ የላይቤሪያ፣ መርከበኞቿ ጣሊያኖች ሆነው ተገኙ። የእንግሊዝ መንግሥት የክስ ወረቀቱን ሊያደርስ የቻለው የዚያው ባለቤት ሌላ መርከብ ሲንጋፖር ወደብ ላይ በገባች ጊዜ ነው። ሁለቱ መንግሥታት ያገኙት ካሣ በጠቅላላው 3 ሚሊዮን ፓውንድ ሆነ።

ከዚያ ጥፋት በኋላ መንግሥታት በ1969 እና በ1971 ውል ተዋዋሉ፤ ውሉም በ1992 ተሻሻለ። አሠራሩን ዕድር የሚያውቅ ሁሉ በቀላሉ ይረዳዋል። መጀመሪያ የመርከቡ ባለቤት ጥፋተኛም ባይሆን እስከ ተወሰነ ልክ ይከፍላል፤ ከ2,000 ቶን በላይ ዘይት የሚጭን መርከብም የግድ ኢንሹራንስ መግባት አለበት። የባለቤቱ ገንዘብ ካልበቃ ጽሕፈት ቤቱ በለንደን የሆነ ዓለም አቀፍ ፈንድ ይጨምራል። ለዚህ ፈንድ የሚያዋጡት በባሕር የመጣ ዘይት በዓመት ከ150,000 ቶን በላይ የሚቀበሉ ኩባንያዎች ናቸው። ብዙ የተቀበለ ብዙ ያዋጣል፤ ጥቂት የተቀበለ ጥቂት።

መልካም ዕድር ነው። ነገር ግን ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ዕድር ቀባሪ እንጂ ሐኪም አይደለም። የፈንዱ ገንዘብ በአመዛኙ የሚወጣው አደጋው ከደረሰ ወይም ሊደርስ አፋፍ ላይ ከቆመ በኋላ ስለ ሆነ፣ አሮጌ መርከብን ዓመታት ቀድሞ ለመጠገን የተዘጋጀ ሣጥን የለም። ሁለተኛ፣ ጉዳቱ በጦርነት የመጣ ከሆነ ባለቤቱም ፈንዱም ከዕዳው ነጻ ናቸው። እንግዲህ አደጋው ከሁሉ ይልቅ በሚያሰጋበት የጦርነት ባሕር ላይ ዋስትናው ይጠፋል ማለት ነው።

ስለዚህ ለሳፈር የተደረገው ልመና ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። በየመን የተባበሩት መንግሥታት አስተባባሪ የነበሩት ዴቪድ ግሬስሊ ከመንግሥታት፣ ከነጋዴ ኩባንያዎች፣ ከተራ ሰዎችም ሳይቀር ገንዘብ ለመኑ። አዋጪው ሲያመነታ የዩክሬን ጦርነት የመርከቦችን ዋጋ አስወደደው። በመጨረሻ በ2023 ናውቲካ የምትባል ነዳጅ ጫኝ መርከብ በ55 ሚሊዮን ዶላር ተገዛች። የኔዘርላንድስ የመርከብ አዳኝ ባለሙያዎች አስቀድመው የማይነድ ጋዝ ወደ ጋኖቹ ነፉ፤ ከዚያም ከጁላይ 25 እስከ ኦገስት 11 ቀን በ18 ቀናት ውስጥ ዘይቱን ወደ አዲሲቱ መርከብ ገለበጡት። ባሕሩም ዳነ።

ሆኖም ሁልጊዜ በልመና አይኖርም። በእስያ የማላካን ወሽመጥ ይመልከቱ። ለጃፓን የሚሄደው ዘይት አብዛኛው በዚያ ስለሚያልፍ፣ የጃፓን ወገን በ1981 ለኢንዶኔዥያ፣ ለማሌዥያና ለሲንጋፖር 400 ሚሊዮን የን የያዘ ተዘዋዋሪ ሣጥን አቋቋመ። ዘይት ሲፈስ ማንም ፍርድ ቤት አይጠብቅም፤ ጽዳቱ ከሣጥኑ በሚወጣ ገንዘብ ወዲያው ይጀመራል፤ የመርከቡ ባለቤት ካሣውን ሲከፍል ገንዘቡ ወደ ሣጥኑ ይመለሳል። መንገዱን የሚጠቀም ለመንገዱ ደኅንነት አስቀድሞ ያዋጣል ማለት ነው። በቀይ ባሕር ላይም የሚያስፈልገው ይህን የመሰለ፣ ከዚህም አልፎ ለመከላከል ጭምር የሚውል ሣጥን ነው።

አያስፈልግም የሚል ካለ የ2024ን ዓመት ያስታውስ። ሳፈር በዳነች በዓመቷ፣ ሱኒዮን የምትባል የግሪክ መርከብ 150,000 ቶን ያህል ድፍድፍ ነዳጅ እንደ ጫነች በየመን ሁቲዎች ተመታች፤ መርከበኞቿ ወደ ጅቡቲ ተወሰዱ፤ በመርከቧ ላይ እሳት ለሳምንታት ነደደ። ብዙ ድካም ከተደረገ በኋላ ተጎትታ ጭነቷ ሳይፈስ ተረፈ። ሁለት ጊዜ ተርፈናል፤ ሦስተኛውን ማንም ዋስ ሆኖ ሊሰጠን አይችልም።

ውድ አንባቢ፤ በዚህ ጉዳይ ከባድ የሆነው የገንዘቡ ብዛት አይደለም። ያልፈሰሰ ዘይት ፎቶግራፍ የለውም፤ በጋዜጣም አይወጣም፤ ለመከላከያ ገንዘብ የፈቀደው ሹም ምስጋና አያገኝም፤ እንዲያውም «ምን ደረሰና ነው ይህ ሁሉ ወጪ?» ይባላል። እርስዎም ነገ በጀት አዘጋጅ ወይም ፈራሚ ሲሆኑ ስለ ግድብም ይሁን ስለ ድልድይ፣ ስለ እሳት አደጋም ይሁን ስለ ወረርሽኝ ይኸው ጥያቄ ይመጣብዎታል። ትንሿ ማዘዣ በጠረጴዛዎ ላይ ስትቀርብ «ለከርሞ ይቆይ» ብለው ወደ መሳቢያ ከመክተትዎ በፊት፣ ከበስተኋላዋ የምትከተለውን ትልቋን ያስቡ። በሳፈር ሒሳብ አንዷ ከሌላዋ 140 እጥፍ ያህል ትበልጥ ነበር።