ዘር፣ አፈርና ጫማ፦ ፖዶኮኒዮሲስን በእግር እንክብካቤ መከላከል

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ከሚታዩት የእግር በሽታዎች መካከል ከባዱ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት ነው። እብጠቱ ከሁለት ዋና ዋና መንሥኤዎች ይመነጫል። አንደኛው በትንኝ ንክሻ የሚተላለፍ ጥገኛ ትል ሲሆን በአብዛኛው በቆላ ይገኛል። ሁለተኛው ፖዶኮኒዮሲስ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ዐለት በተገኘ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከመሄድ ይመጣል። ስያሜውን ከግሪክኛ «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ ቃላት ያወጣው በኢትዮጵያ ያገለገለው ብሪታንያዊ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 እ.ኤ.አ. ከተዘነጉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል።

የአፈሩ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ሰርገው ሲገቡ የሊምፍ ሥሮች ይቆጣሉ፤ ቀስ በቀስም ይዘጋሉ። መውጫ ያጣው ፈሳሽ በእግር ውስጥ ይጠራቀማል። የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ማቃጠል፣ ማሳከክና በጣቶች አካባቢ የሚታይ እብጠት ናቸው። እብጠቱ ከታች ወደ ላይ ያድጋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ከጉልበት አያልፍም።

በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ይሁንና በብዙ መንደሮች «በዘር ያለ ነው» ስለሚባል፣ የታማሚው ልጆች ለጋብቻ ሳይፈለጉ ይቀራሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ የዘረመል ጥናት ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ አንዳንድ ዘረመሎች ለበሽታው ተጋላጭነትን እንደሚጨምሩ አመልክቷል። ስሕተቱ የሚጀምረው ዘር ብቻውን ያሳምማል ሲባል ነው። ተጋላጭ ሆኖ የተወለደ ልጅ እግሩ አፈሩን ካልነካ አይታመምም። ስለዚህ ታማሚ ያለበት ቤት የሚሸሹት ሳይሆን ልጆቹ ከሁሉ አስቀድመው ጫማ ሊያገኙ የሚገባ ቤት ነው።

በሽታው ለጀመረውም መፍትሔ አለ። እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብ፣ በጤና ባለሙያ ምክር በቀጠነ በረኪና መዘፍዘፍ፣ በጣቶች መካከል ያለውን እርጥበት በሚገባ ማድረቅ፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲቀመጡና ሲተኙ እግርን ከፍ ማድረግ፣ ካልሲና ሽፍን ጫማ መጫማት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። በምሥራቅ ጎጃም ተካሂዶ ውጤቱ በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ይህን የመሰለ እንክብካቤ ታማሚውን ለቀናት አልጋ ላይ የሚጥለውን ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ድግግሞሽ እንደሚቀንስ አረጋግጧል።

ጫማ መግዛት ብቻውን ግን አይበቃም። በገጠር ብዙ ሰው ጫማውን ለገበያና ለበዓል ያቆየዋል፤ ለእርሻ ሲወጣ ያወልቀዋል። እግር ከአፈሩ ጋር ረጅም ሰዓት የሚገናኘው ደግሞ በእርሻው ላይ ነው። የጤና ትምህርት ይህን ልማድ ለይቶ ሊነካ ይገባል፤ ጫማ ከሞፈርና ከቀንበር እኩል የእርሻ መሣሪያ ሆኖ እስኪቆጠር ድረስ መከላከሉ ሙሉ አይሆንም።