ምጣድ ሲፈጃት የማይሰማት ጣት

እንጀራ ስትጋግሩ ምጣዱ ጣታችሁን ቢፈጃችሁ እጃችሁን ወዲያው ትሰበስባላችሁ። ሕመም የሰውነት ዘበኛ ነውና። ጣቷ ተቃጥሎ ሳይሰማት ቀርቶ፣ ቁስሉን ማታ ስትታጠብ የምታይ እናት ግን «እጄ ለእሳት ለምዷል» ብላ ልታልፈው አይገባም። ነርቯ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል።

ነርቭን ከሚጎዱ በሽታዎች መካከል የስኳር በሽታና የሥጋ ደዌ ይገኙበታል። የሥጋ ደዌ እርግማን አይደለም፤ በዘርም አይወረስም። ተህዋሲው ቆዳንና ነርቭን ያጠቃል። በተለይ በክርን፣ በእጅ አንጓ፣ በጉልበት ጎንና በቁርጭምጭሚት የሚያልፉትን ነርቮች ይጎዳል። ክርን ላይ ያለው ሲጎዳ ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ፣ ውለው አድረውም ይታጠፋሉ። በጉልበት ጎን ያለው ሲጎዳ ደግሞ እግር ወደ ላይ አልነሣ ይላል። ከከሚሴ ገጠር ተነሥታ ለሰኞ የባቲ ገበያ የምትሄድ እናት ጫማዋ ሳታውቀው ከወለቀ፣ ወይም በደልዳላ መንገድ ከተደናቀፈች ነገሩን በቸልታ አትመልከተው።

የጤና ባለሙያው ምርመራ ቀላል ነው፤ አያሳምምም። በሽተኛዋ ዓይኗን ትጨፍናለች። ባለሙያው መዳፏንና የውስጥ እግሯን በእስክርቢቶ ጫፍ ቀስ አድርጎ ይነካል፤ እርሷም የተነካችበትን ቦታ በጣቷ ታሳያለች። ቀጥሎም ዓይኗን አጥብቃ እንድትከድን፣ ትንሿን ጣት ወደ ጎን፣ አውራ ጣትን ወደ ላይ፣ እግሯንም ወደ ላይ እንድታነሣ ያዛታል፤ በእጁም እየተጫነ ጉልበቷን ይለካል። ውጤቱ በካርድ ላይ ይጻፋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሲነጻጸር ነርቩ መድከሙ ወይም መሻሉ የሚታወቀው በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ አጣዳፊ የሚያደርገው ጊዜ ነው። የነርቭ ጉዳት ከጀመረ ገና 6 ወር ካልሞላው ሐኪሙ በሚያዘው ፕሬድኒሶሎን በተባለው መድኃኒት የመዳን ተስፋው ከፍ ያለ ነው፤ ከቆየ ግን ስሜቱና ጉልበቱ ላይመለስ ይችላል። እናቶች ግን ከጎረቤት ሐሜት፣ ከትዳር መፍረስም ፈርተው ይደብቁታል። ተህዋሲውን የሚያጠፋው መድኃኒት በነፃ የሚሰጥ ሲሆን፣ እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ያልቃል። ሕክምና የጀመረች እናት በሽታውን ወደ ልጆቿ ታስተላልፋለች ብሎ መፍራትም አይገባም።

በዚህ ሕክምና በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት፣ ለወሎ ሰውም በደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው በር ግን የቅርብ ጤና ጣቢያ ነው።

እጅ ወይም እግሯ የደነዘዘባት እናት እቤቷ ይህን ታድርግ፦ ድስትና ጀበና በወፍራም ጨርቅ ትያዝ። ማታ ማታ መዳፏንና የውስጥ እግሯን በብርሃን ትመልከት። እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ ዘፍዝፋ ቅባት ትቀባ። የታጠፉትን ጣቶች በሌላው እጇ እየደገፈች በየቀኑ ትዘርጋ። ውስጡ ለስላሳ፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማም ታድርግ።

እህቶች ሆይ! በቆዳችሁ ላይ የማያሳክክ፣ ሲነኩት የማይሰማ ነጣ ያለ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ካያችሁ አትደብቁት። ጎረቤታችሁ ላይ ብታዩም አትሽሿት፤ እጇን ይዛችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዷት። ዛሬ የተመረመረች እጅ ነገም ልጅ ታቅፋለች፣ ሠርታም ታድራለች።